የስልክ ቻርጀር የመኪና ሬዲዮን ሲረብሽ፦ የትኛው መፍትሔ ለየትኛው መኪና?

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንሄድ አባባ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። የጠዋት ዜና አያመልጣቸውም። ከፒያሳ ስንነሣ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ግን ይንሿሿል። እኔ ሁሌ በተራራው አሳብብ ነበር። አንድ ቀን አባባ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ «ኧረ ልጄ፣ ያንን ስልክህን ንቀለው! ዜናውን በላብኝ እኮ» አሉኝ። ነቀልሁት። ሬዲዮው ወዲያው ተመለሰ። መልሼ ሰካሁት። ጣቢያው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አልተውሁትም። ቻርጀር ቀይሬአለሁ፣ ገመድ አሳጥሬአለሁ፣ ቀለበት አስሬአለሁ፣ አንቴና አስጠግኜአለሁ። የረዳኝ አለ፤ ገንዘቤን የበላም አለ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን መልሴ አንድ ነው፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ረብሻው በየት በኩል ወደ ሬዲዮው እንደሚገባ እወቁ። መግቢያው ካልታወቀ ሻጭ ያቀረበው ሁሉ መድኃኒት ይመስላል።

«አሁን ደግሞ ሬዲዮ ማን ይሰማል?» የሚሉ አሉ። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ የሚሠራ ሾፌር እንዲህ አይልም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት መንገድ ላይ ወሬ የሚያደርሰው ሬዲዮ ነው። ስልኩም ቻርጅ ይፈልጋል። ሁለቱን አስማምቶ መጓዝ ይቻላል።

ቻርጀሩ ለምን ይረብሻል?

የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። ሞተር ሲነሣ ወደ 14 ቮልት ይጠጋል። ስልክ በመደበኛው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ቮልቱን የሚያወርደው ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት እየቆረጠና እየቀጠለ ነው። እንደ አሠራሩ በሴኮንድ ከአሥር ሺዎች ጊዜ አንሥቶ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሊቆርጠው ይችላል። ይህ መቆራረጥ የሬዲዮ ሞገድ ይወልዳል። ሞገዱም ባለበት አይቀርም። በብዜት እየተባዛ ወደ ላይ ይወጣና ኤፍ ኤም ከሚሠራበት፣ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ካለው ክልል ይደርሳል።

ደህና ተደርጎ የተሠራ ቻርጀር ውስጥ ይህን የሚያረጋጉ የመዳብ ጥቅሎችና ካፓሲተሮች አሉ። ርካሹ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩም ስልኩ ቻርጅ ይሆናላ! ገዢውም አያያቸውም። ስለዚህ ሁለት ቻርጀሮች ከውጭ መንታ ቢመስሉም ውስጣቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ረብሻው ወደ ሬዲዮው የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው አየር ነው። ቻርጀሩና የስልኩ ገመድ ሞገዱን ይረጩታል። በ100 ሜጋ ኸርዝ የሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ ሩቡ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሞገዱን ሩብ ያህል የሚረዝም ሽቦ ጥሩ አንቴና ነው። እንግዲህ ሁላችንም የምንወደው የ1 ሜትር ገመድ ወደዚህ በጣም ይቀርባል። ሳናውቀው ማሰራጫ ዘርግተናል ማለት ነው።

ሁለተኛው የመኪናው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ቻርጀሩ የሚሰካበት ላይተርና ቴፑ፣ ማለትም የመኪናው ሬዲዮ፣ ብዙ ጊዜ መስመር ይጋራሉ። ቻርጀሩ ያቆሸሸውን ቴፑ ይጠጣዋል።

ሦስተኛው የኦክስ ገመድ፣ ማለትም የስልኩን ድምፅ ወደ ቴፑ የሚወስደው ሽቦ ነው። ስልኩ ቻርጅ እየሆነ በኦክስ ከቴፑ ጋር ሲገናኝ ማሳው (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) በሁለት በኩል ይያያዝና ክብ ይሠራል። በዚያ ክብ የምትዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ በስፒከሩ ፉጨት ሆና ትወጣለች።

ያለ ወጪ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራውን ፒያሳ ላይ ቆማችሁ አታድርጉት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ጣቢያው ጠንካራ በሆነበት ቦታ መጥፎ ቻርጀርም ጨዋ ይመስላል። ጎንደር ደግሞ ኮረብታና ሸለቆ የተቀላቀለባት ከተማ ናት። አንዱ ሰፈር ላይ የጠራው ጣቢያ ሌላው ሰፈር ላይ ይደበዝዛል። እንዲህ ደከም የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ለእኔ ከወለቃ በላይ ያለው ዳገት ነው። ለእናንተ ወደ ማክሰኝት ወይም ወደ አይከል የሚወስደው መንገድ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ከመንገድ አውጥታችሁ አቁሙ።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉና ሬዲዮው እንዲሠራ ብቻ ቁልፉን አዙሩት። የስልኩ ባትሪ ዝቅ ያለ ይሁን፤ 20 በመቶ አካባቢ ጥሩ ነው። የሞላ ስልክ ብዙ ስለማይስብ ረብሻው ሊደበቅ ይችላል። ሰክታችሁ ስሙ፤ ነቅላችሁ ስሙ። ልዩነት ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ቀጥሎ የስልኩን ገመድ በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ገመዱ ቦታ ሲቀይር ረብሻውም ከተቀየረ መንገዱ አየር ነው። በድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ካለቻችሁ ደግሞ ወደ ቻርጀሩ አስጠጓት። ከመኪናው ጋር በሽቦ አልተገናኘችም። እሷም ከተረበሸች በአየር ለመሆኑ ምንም ጥርጥር የለውም። ገመዱ የትም ቢሆን የቴፑ ረብሻ ካልተለወጠና ትንሿ ሬዲዮም ሰላም ከሆነች፣ በመስመር እየገባ መሆኑን ጠርጥሩ።

አሁን ሞተሩን አስነሡ። ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ የሚቀጥንና የሚወፍር ፉጨት ከተሰማ ከዲናሞው የመጣ ነው። ኦክሱን ወይም ቻርጀሩን ስትነቅሉ ፉጨቱ ከጠፋ የማሳ ክብ አለ። ሁለቱንም ነቅላችሁ ካልጠፋ ቻርጀሩን አትውቀሱት።

ስልክ ሊጠራ ሲል የሚሰማው «ድድድ ዝዝዝ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ራሱ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲሠራ የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ከከተማ ስንወጣ ስልካችን ወደዚያ ኔትወርክ ሲወርድ በደንብ ይሰማል። ስልኩን ከቴፑ ማራቅ ይበቃል፤ ምንም አትግዙ።

በላይተር የተሰካ ወይም ለብቻ የተገጠመ ሌላ ዕቃ ካለም አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ። የመንገድ ካሜራና ኤልኢዲ መብራትም እንደ ቻርጀር ይረብሻሉ። ላይተር ላይ ተሰክቶ ዘፈን ወደ ሬዲዮ የሚልከው ኤፍ ኤም ሞዱሌተር ደግሞ ሥራው ራሱ ማሰራጨት ነው። የምትሰሙት ጣቢያ አጠገብ ከከፈታችሁት ጣቢያውን ይጫነዋል። ሬዲዮ ስታዳምጡ ንቀሉት።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ያየሁት በአምስት ነገር ነው። ዋናው፣ ከሦስቱ መንገዶች የትኛውን ይዘጋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የስልኩን የመሙላት ፍጥነት ይቀንሳል ወይ? ሦስተኛው፣ ራሴ እሠራዋለሁ ወይስ ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል? አራተኛው፣ የሙቀት ወይም የእሳት አደጋ ያመጣል ወይ? አምስተኛው ዋጋ ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በብር አልጻፍሁትም፤ እርስ በርስ አወዳድሬዋለሁ። የዕቃ ስም አላነሣሁም። አንድ ስም ያለው ቻርጀር አንዱ ሱቅ እውነተኛው፣ ሌላው ሱቅ አስመስሎ የተሠራው ሊኖር ይችላልና ስሙ ብዙ አያስተማምንም።

ምንም ሳይገዙ፦ ቦታና ገመድ

ከዚህ ጀምሩ። የስልኩን ገመድ አሳጥሩ። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ከፓወር ባንክ ጋር የመጣ አጭር ገመድ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ከቴፑ ጀርባና ከአንቴናው ሽቦ ይራቅ። መኪናው ኋላ ላይ ሶኬት ካለው እዚያ ሰኩት። ቴፓችሁ ስቴሪዮና ሞኖ የሚያቀያይር ቁልፍ ካለው ሞኖ ላይ አድርጉት። ደካማ ጣቢያ በሞኖ ሲሰማ መንሿሿቱ ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል። ዜና ለሚሰማ ሰው ሞኖ ምንም አያጎድልበትም።

ይህ በአየር የሚመጣውን ያለዝበዋል። በመስመር የሚገባውን ግን አይነካውም።

አንቴናውን ማስጠገን

ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። እኔ ደግሞ ገንዘብ ከሚወጣባቸው ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሬዲዮ የሚሰማው የጣቢያውና የረብሻው ጉልበት ተመዛዝኖ ነው። ረብሻውን መቀነስ አንድ መንገድ ነው። ጣቢያውን ማጠንከር ሌላው ነው።

የድሮ ዲኤክሶችን ተመልከቱ። አንቴናው ተሰብሮ በቁራጭ ሽቦ የተተካባቸው ብዙ ናቸው። ፓራፋንጎ ላይ የተተከለ አንቴና ማሳውን የሚያገኘው ከሥሩ ካለው ቆርቆሮ ነው። እዚያ ዝገት ከያዘ አንቴናው ቆሞ እያለ አይሠራም። የእኔ መኪና ችግር ግማሹ ይህ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ብሎኑን ፈትቶ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳና መልሶ አጠበቀው። ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ ተሰክቶም የማይጠፉ ጣቢያዎች አገኘሁ።

መስታወት ላይ ከውስጥ የሚለጠፈውን አንቴና ግን አልመክርም። ከቻርጀሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ጣሪያ ወይም ፓራፋንጎ ላይ ያለ አንቴና ከመኪናው ቆርቆሮ ውጭ ስለሆነ ቆርቆሮው ይከልለዋል። የተለጠፈው ግን ከቻርጀሩ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

ቪትዝና ሌሎች ከጃፓን በቀጥታ የመጡ መኪኖች ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። የድሮዎቹ የጃፓን ቴፖች ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው የሚይዙት። የእኛ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ለዚህ ሲባል አንቴናውና ቴፑ መካከል ሞገድ የሚያወርድ ትንሽ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ ርካሽ ከሆነ ራሱ ድምፅ ያደክማል፤ ረብሻም ይጨምራል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ቻርጀር ከመለዋወጥ ሙሉውን ኤፍ ኤም የሚይዝ ቴፕ መቀየር ይሻላል። ወጪው ከፍ ይላል፤ ችግሩ ግን ከሥሩ ይነቀላል።

ደህና ቻርጀር መግዛት

በአብዛኛው ሰው ላይ የሚሠራው ይህ ነው። ረብሻውን ከምንጩ ስለሚቀንስ ሦስቱንም መንገድ ያቀልላል። የኤሌክትሪሺያን እጅም አያስፈልገውም። ችግሩ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ነው።

ምልክት ተመልከቱ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 10 የሚባለው የተሽከርካሪ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሌላውን እንዳይረብሽ የሚመለከት ነው። በዚህ ደንብ የጸደቀ ዕቃ ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚለው የላቲን ትልቅ ፊደልና የአገር ቁጥር ይታተማል። ለምሳሌ 1 ቁጥር ጀርመን ማለት ነው። ምልክቱ ያለው ቻርጀር ካገኛችሁ አስቀድሙት። «ሲኢ» የሚለውን ምልክት ግን ብቻውን አትመኑት። በአብዛኛው አምራቹ ራሱ የሚያውጀው ነው፤ ማተሚያ ያለው ሁሉ ያትመዋል።

ከምልክት ይልቅ እኔ የምተማመነው በጆሮዬ ነው። መኪናዬን ሱቁ አጠገብ አቆማለሁ። «ወንድም፣ ሳልከፍል ልሞክረው» እላለሁ። አብዛኛው ሻጭ አይከለክልም። ሬዲዮውን ኤ ኤም ላይ አድርጌ ጣቢያ የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ እተወዋለሁ። ኤ ኤም ከኤፍ ኤም ይልቅ ለረብሻ ስስ ስለሆነ ቻርጀሩ የሚደብቀውን ያወጣል። ስልኬን ሰክቼ እሰማለሁ። ከዚያ ኤፍ ኤም ላይ ደካማ ጣቢያ ፈልጌ እደግመዋለሁ። አራዳ ላይ በአንድ ቀን አራት ቻርጀር ሞክሬ ሦስቱን መልሻለሁ። ከአራቱ ውዱ ነበር በጣም የሚጮኸው። ከዚያ ወዲህ በዋጋ አልፈርድም።

ፈጣን ቻርጅ የሚባለውን በተመለከተ፣ ከፍ ያለ ኃይል ማለት የሚቆራረጠው ኤሌክትሪክ በዛ ማለት ነው። ፈጣን ሆኖ ጸጥተኛ የሆነ አለ፤ ግን የማረጋጊያው ሥራ በደንብ መሠራት አለበት። ካርታ እያዩ ለመንዳት ብቻ ከሆነ መደበኛው ይበቃችኋል። ሲነካ በጣም የሚያቃጥል ቻርጀር ደግሞ ረብሻ ባይኖረውም አትግዙት።

ፌራይት ቀለበት

የላፕቶፕ ቻርጀር ገመድ ላይ ጫፉ አካባቢ ወፈር ያለች ጥቁር ነገር አይታችኋል? ውስጧ ያለው ፌራይት ነው። ገመዱን ተከትሎ የሚሄደውን ከፍተኛ ሞገድ ይይዝና ወደ ጥቂት ሙቀት ይለውጠዋል። ስልኩ የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ አይነካም። ስለዚህ የመሙላት ፍጥነት አይቀንስም፤ አደጋም የለውም። ከሁሉ የምወደው ርካሽ መፍትሔ ይህ ነው።

ግን አስተሳሰሩ ይወስነዋል። ቀለበቱ ከቻርጀሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ስልኩ አጠገብ ካሰራችሁት ገመዱ መሀል ላይ ረጭቶ ጨርሷል። ሁለተኛ፣ ገመዱን አንድ ጊዜ አሳልፋችሁ አትተዉት። ሁለት ጊዜ በቀዳዳው ካለፈ ጉልበቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ቀዳዳው ሰፋ ያለውን ምረጡ። ሦስተኛ፣ ተከፍቶ የሚገጠመውን ግዙ። ከአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ የሚወጣው ድፍን ስለሆነ የዩኤስቢው ጭንቅላት አያልፍበትም። ተከፍቶ የሚዘጋው ሲዘጋ ሁለቱ ግማሾች ሳይላቀቁ በደንብ ይግጠሙ። ክፍተት ካለ ሥራው ይቀንሳል።

ባዶ ፕላስቲክ እንዳይሸጡላችሁ ትንሽ ማግኔት ያዙ። እውነተኛ ፌራይት ማግኔት ይስባል።

ድካሙም ይነገር። ቀለበት የሚሠራው በአየር ለሚረጨው ነው፤ እሱም በተለይ በኤፍ ኤም ክልል። ለኤ ኤምና ለአጭር ሞገድ አድማጭ አንድ ቀለበት እምብዛም አይረዳም። የቻርጀሩ አካል ራሱ የሚረጨውንም አያቆምም። ለዲናሞ ፉጨት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

የኦክስ መለያ

ትንሽ ሲሊንደር ናት። በኦክስ ገመዱ መካከል ትገባለች። ውስጧ ድምፁን በሽቦ ሳታገናኝ የምታሻግር ትራንስፎርመር አለች። የማሳው ክብ ይቆረጣል፤ ፉጨቱም ይጠፋል። ርካሾቹ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ሊያሳሱት ይችላሉ። ኦክስ የማትጠቀሙ ከሆነ ግን ምንም አትሠራላችሁም። ይህን ሳላውቅ ለኤፍ ኤም መንሿሿት ብዬ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥሁት አለኝ። ብሉቱዝ ያለው ቴፕ ላላችሁም አታስፈልግም። በብሉቱዝ ስታገናኙ ክቡ የለም።

የመስመር ፊልተር

ቴፑ ከሚመገብበት ሽቦ ላይ የሚገባ ጥቅልና ካፓሲተር ነው። በመስመር የሚመጣውን ረብሻና የዲናሞ ፉጨት ይቀንሳል። በአየር የሚመጣውን አይነካም። መግጠም የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። የፊልተሩ አምፒር ከቴፑ ፊውዝ ማነስ የለበትም፤ ፊውዙም ተነሥቶ በሽቦ መተካት የለበትም። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ካፓሲተሩ 35 ወይም 50 ቮልት የሚችል ይሁን። ሞተር ሲነሣ መስመሩ ወደ 28 ቮልት ስለሚጠጋ 25 ቮልት የተጻፈበት አይበረክትም።

ፓወር ባንክ

ከመኪናው ሽቦ ጋር ስለማይገናኝ በመስመር የሚገባውንና የማሳውን ክብ ሁለቱንም ይዘጋል። እሱም ቮልት ከፍ የሚያደርግ መቆራረጫ በውስጡ አለው፤ ስለዚህ በአየር መርጨቱ አይቀርም። ግን ኋላ ወንበር ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከቴፑና ከአንቴናው ይርቃል። ማታ ቤት መሙላትን ማስታወስ ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ወደ መተማ ቆላ የምትወርዱ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አትተዉት። የሊትየም ባትሪ ሙቀት አይወድም።

በጨረፍታ

| አማራጭ | በአየር | በመስመር | ኦክስ ፉጨት | ዋጋ | ማን ይሠራዋል |
|---|---|---|---|---|---|
| አጭር ገመድ፣ ቦታ መቀየር | መጠነኛ | አይረዳም | አይረዳም | ነፃ ወይም በጣም ጥቂት | ራስዎ |
| አንቴና ማስጠገን | በጣም ይረዳል | በከፊል | አይረዳም | ዝቅተኛ | ኤሌክትሪሺያን |
| ደህና ቻርጀር | በጣም ይረዳል | በጣም ይረዳል | በከፊል | መካከለኛ | ራስዎ |
| ፌራይት ቀለበት | ለኤፍ ኤም ጥሩ | ጥቂት | አይረዳም | ዝቅተኛ | ራስዎ |
| የኦክስ መለያ | አይረዳም | አይረዳም | በጣም ይረዳል | ዝቅተኛ | ራስዎ |
| የመስመር ፊልተር | አይረዳም | በጣም ይረዳል | በከፊል | መካከለኛ | ኤሌክትሪሺያን |
| ፓወር ባንክ | መጠነኛ | በጣም ይረዳል | በጣም ይረዳል | ከፍተኛ | ራስዎ |

ለማን የቱ?

*የቤት መኪና ላላችሁ።* አንቴናውን አስፈትሹ፤ ገመዱን አሳጥሩ። በቂ ካልሆነ ቻርጀር ሞክራችሁ ግዙ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። ቀለበት የሚጨመረው ትንሽ ቅሪት ካለ ነው።

*ለሚኒባስ ታክሲ ሾፌሮች።* የእናንተ ነገር ይለያል። የሾፌሩ ስልክ፣ የረዳቱ ስልክ፣ አንዳንዴም የተሳፋሪ ስልክ በአንድ ጊዜ ይሰካል። ላይተሩ ላይ ባለ ሦስት አፍ ማባዣ፣ ከዚያም ላይ ሁለት ርካሽ ቻርጀር የሰኩ አይቻለሁ። ረብሻው ይደራረባል፤ ሶኬቱም ይግላል። የላይተር ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው፤ ሲቃጠል ከፍ ባለ ፊውዝ አትተኩት። ሁለት አፍ ያለው አንድ ደህና ቻርጀር ከሦስት ርካሽ ይሻላል፤ በጠቅላላ ወጪም ብዙ አይራራቅም። ከዚያ በየገመዱ አንዳንድ ቀለበት እሰሩ።

*ለባጃጅ ሾፌሮች።* መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስሙ። ከሞተሩ ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ «ጠጠጠ» ካለ ምንጩ ካንዴላው ነው። የተሸፋፈነ ቆርቆሮ ስለሌለ የካንዴላው ብልጭታ በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ይደርሳል። ውስጡ መቀነሻ ያለው ካንዴላ አለ። በብዙዎቹ ላይ ከቁጥሩ ጋር «አር» የሚል የላቲን ፊደል ይጻፋል። መካኒካችሁን ለሞተራችሁ የሚሆነውን ጠይቁት። ካንዴላው ደህና ሆኖ ቻርጀሩ ከረበሸ ደግሞ አጭር ገመድና ቀለበት ይበቃል። ከዝናብና ከአቧራ የሚከለል ክዳን ያለው ቻርጀር ምረጡ፤ ክፍት ሶኬት ቶሎ ይዝጋል።

*ለአይሱዙና ለሌሎች ጭነት መኪኖች።* ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ቻርጀሩ ላይ «12–24» የሚል ከሌለ አትስኩት። ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር ከቴፑ በፊት ከተገጠመም መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩት። እሱም ኤሌክትሪክ የሚቆራርጥ ዕቃ ነው፤ ከስልክ ቻርጀር ይልቅ በኃይል ይበልጣል። ቻርጀሩ ተነቅሎም ረብሻው ካለ ጥፋቱ የኮንቨርተሩ ሊሆን ይችላል። በብረት ሳጥን የታሸገ ኮንቨርተርና አንድ የመስመር ፊልተር የረጅም መንገድ ሾፌርን ያሳርፋሉ። በዚህ ላይ ገንዘብ ብታወጡ አያስቆጭም።

*ኤ ኤምና አጭር ሞገድ ለምትሰሙ።* ከቀለበት ብዙ አትጠብቁ። ፓወር ባንክ ኋላ ወንበር ላይ፣ ወይም ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ቻርጀሩን መንቀል። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

*ገንዘብ ለጊዜው ለሌላችሁ።* ቤት ያለውን አጭር ገመድ ፈልጉ። የአንቴናውን ሥር አጽዱ። ስልኩን ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉት። ዜና ሲጀምር ንቀሉት፤ ሲያልቅ ሰኩት።

የእኔ መኪና ላይ አሁን ያለው ይኸው ነው፦ አራዳ ላይ የተረፈችው አራተኛዋ ቻርጀር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገመድ፣ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመበት አንድ ቀለበት፣ ሥሩ የጸዳ አንቴና። ባለፈው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንወጣ ስልኩ እንደተሰካ ነበር። ወለቃን አልፈን ዳገቱ መሀል ስንደርስ አባባ ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉና ድምፁን ከፍ አደረጉት።